የጃንዋሪ አንድ ልጆች

አጆክን በሩቁ የሚያውቃት ሰው ዝምተኛ ይላታል። ውሸት ነው! ኮድ ስትጽፍ ዝም ትላለች እንጂ እኔን ለመተረብ ምላሷ ጦር ነው። አዲስ አበባ አድጋ፣ ኮምፒውተር ተምራ ወደ አገሯ የተመለሰች የዲንካ ልጅ ናት። እኔ እሱባለው ደግሞ እንጀራ ፍለጋ ጁባ የገባሁ ሐበሻ ነኝ። ቡሉክ በሚባል ሰፈር በአንዲት ጠባብ ቢሮ አብረን እንሠራለን። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ በአማርኛ ትሰድበኛለች፤ ስድቧ ራሱ ይጥማል።

ባለፈው ዓመት ለአንድ የነርሶች ማሠልጠኛ የተፈታኞች መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራን። ሁለት መዝገብ የአንድ ሰው መሆኑ በምን ይታወቅ ሲባል፣ በስምና በልደት ቀን ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ ከስሙና ከቀኑ አንድ ቁጥር ያሰላል፤ የመሳቢያ ቁጥር በሉት። መዝገቡን እዚያ ያስቀምጣል፣ ሲፈልገውም ያንኑ አስልቶ ያንኑ መሳቢያ ይከፍታል። አጆክ ያኔውኑ ተቃውማኝ ነበር። "እዚህ አገር ስንቱ ሰው ነው ስደት ላይ የልደት ቀኑ ስላልታወቀ መታወቂያ ካርዱ ላይ ጃንዋሪ አንድ የተጻፈለት፣ ለእኔም ጭምር፤ እውነተኛው ሲታወቅ ይቀየራል" አለችኝ። እኔ ግን ግትር ነኝ፣ አልሰማኋትም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ጆይ የምትባል ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ጥበቃው ሙደሲር ስሟንና ልደቷን አስገብቶ ማፊ፣ የለሽም አላት። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ፈተና ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ተጠርተን በቦዳ ቦዳ ሞተር በረርን። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ስናነበው ጆይ አለች። ስንፈልጋት ግን የለችም። ማሽኑንም ራሴንም ተራገምኩ።

አጆክ ልጅቷን ከተመዘገብሽ ወዲህ ያስቀየርሽው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ጆይ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። ካቶር ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ወረቀቷ ተገኝቶ እውነተኛ ልደቷን አውቃለች፤ ኦገስት ዘጠኝ። በደስታ መጥታ ካርዱንም መዝገቡንም አስተካከለች። ለካ መዝገቧ አሮጌው መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ፣ ማሽኑ በአዲሱ ቀን ሌላ መሳቢያ ይከፍታል! ጆይ በቃ ጃንዋሪ አንድ በሉኝና ልግባ ብላ ለመነችን። እኔም፣ አይ ሞኝነቴ፣ ልቀይረው እጄን ሰደድኩ። አጆክ መታ አደረገችኝ።

"ልደትሽን አትመልሺም" አለቻት። "የተሳሳትነው እኛ ነን።"

ከዚያ መለያውን ሰው ሲመዘገብ የሚሰጠው፣ ፈጽሞ የማይቀየረው ቁጥር አደረገችው። ስም ይቀየር፣ ቀን ይቀየር፣ ሰውዬው ያው ሰው ነው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ግን ሳልሞክረው በሰው ሕይወት አልቀልድም ብላ፣ ለሙከራ ያስገባነውን የራሷን መዝገብ ከፈተች። ልደቱን ልትቀይር ስትል ጣቷ ቆመ። ምን ብላ ትጻፍ? ስልኳን አንስታ ኮሎሎ ሰፈር ላሉት እናቷ ደወለች። በዲንካ አጭር ነገር ተነጋገሩ፤ ማርች አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች። ፈለገችው፣ ተገኘ።

ሙደሲር የጆይን ቁጥር አስገባ። እሷም ተገኘች! ሳቋን መያዝ አቅቷት ሮጣ ገባች፤ ልቤ ደስ አለው።

አጆክ ግን አሁንም ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀን ታያለች።

"እናቴ ምን አለችኝ መሰለህ?" አለችኝ። "በየዓመቱ ማርች አሥራ ሁለት ለብቻዬ እጸልይልሻለሁ፤ ጠይቀሽኝ አታውቂም።"