አባዬ በስልሳ ዓመቱ እማዬን አገባት

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አባዬ እማዬን አገባት... ሚዜው እኔ ነበርኩ፤ ሦስተኛ ልጃቸው።

አባዬ በመምህርነት ተመድቦ ከጎጃም ወደ አርባ ምንጭ የመጣ ሰው ነው። እማዬ እዚያው ጋሞ ደጋ ላይ የገረሴ ልጅ ናት። ሽማግሌ ልኮ አገባት፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ጎጆ ወጡ፣ እኛን ወለዱ።

የሂሳብ አስተማሪ ስለሆነ የደመወዝ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያስጠናን ነበር። «ይሄ ያልተጣራው ነው። ይሄ የሥራ ግብር... ይሄ የጡረታ መዋጮ፤ እሱ አይጠፋም፣ ይጠብቀኛል።» ከዚያ ሁልጊዜ አንዲት ነገር ይጨምራል። «ጡረታ ስወጣ አገሬ እገባለሁ!»

ይቺን ስትሰማ እማዬ ምንም ሳትጠይቀው ወደ ጓዳ ትገባለች። ግቢያችን ማንጎ እንትከል ስትለው እንኳ «ልሄድ ነው እኮ» ይላት ነበር። እሷ ግን እሱ ትምህርት ቤት ሲውል ተከለችው። ያ ቤት፣ ያ ጥላ፣ ያ የወረቀት ትምህርት... ዛሬም ይናፍቀኛል።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣና ቅጽ ይዘን የጡረታ ቢሮ ሄድን። የምታስተናግደው ልጅ የድሮ ተማሪው ናት።

«መምህር፣ ተተኪ የሚለው አልተሟላም። እርስዎ ባይኖሩ አበሉ የሚተላለፍላቸው ማለት ነው። ለባለቤትዎ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያምጡ።»

አባዬን ላብ አጠመቀው። እነሱ የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ ወረቀት የሚባል የለም። እሱ ቢቀድማት እማዬ ባዶ እጇን ልትቀር ነው።

በማግስቱ ከሠርጋቸው ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት ሁለቱ ከገረሴ ወረዱልንና ጋብቻ የሚመዘገብበት ቢሮ ገባን። መዝጋቢው ወደ እማዬ ዞሮ «በፈቃድዎ ነው?» አላት።

እማዬ ወደ አባዬ ዞረች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ እሱ ይመልስ» አለች። «መምህር፣ አገርህ ትገባለህ ወይስ እዚህ ትቀራለህ? ሳልሰማ አልፈርምም።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን አፈነ። «እውነቷን ነው፤ ያኔ እኛም ይሄን ሳንጠይቀው ነው ልጃችንን የሰጠነው።»

አባዬ የጡረታውን ቅጽ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። መነጽሯን ስላልያዘች እኔ አነበብኩላት። አበሉ የሚከፈልበት ቦታ በሚለው ላይ፣ በዚያ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ በምናውቀው የእጅ ጽሑፉ፣ «አርባ ምንጭ» ብሎ ሞልቷል።

«መቼ ጻፍከው?»

«ቅጹን የተቀበልኩ ዕለት። አስቴር... አገሬ አገሬ የምለው ናፍቆት ነበር እንጂ፣ እናንተን ትቼ የት ልሄድ?»

እማዬ ፈረመች። እኔ ሚዜው እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ወላጆቻችሁ የጋብቻ ወረቀት ከሌላቸው ዛሬውኑ አስወጡላቸው... ብቻ እናታችሁ ሠላሳ አምስት ዓመት ያቆየችው ጥያቄ ካለ፣ መዝጋቢው ፊት ከመቅረባችሁ በፊት ጠይቋት።