የኤዶ ሆዳን ሜሞሪ

እኔ ነኝ የኤዶ ሆዳንን ሜሞሪ ያጠፋሁት? ማነው ያላችሁ? ስልኩ ነው ያጠፋው! እኔ «እሺ» የሚለውን ብቻ ነው የነካሁት፤ በእንግሊዝኛ ለጠየቀኝ ስልክ እሺ ካላልኩ ምን ልበለው?

ዛሬ አስፋልቱ ዳር የተከፈተው ባለ መስታወት ሞባይል ቤት ገብቼ የአዲስ ካርቶን ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ሻጩ አራት ካሜራ ያለው ስልክ እያገላበጠ «ይሄ ምንም አይረሳም» ሲል ሳቄን ለቀቅኩት። ጅግጅጋ ሰለጠነች ትላላችሁ አይደል? የራሳችሁን ፊት ስታነሱ ትውላላችሁ፣ በቃ።

ያኔ አስራ አራት ዓመቴ ነው፤ ገበያው በር ላይ አሮጌ ኮምፒውተሬን ዘርግቼ በየሰዉ ሜሞሪ ላይ ዘፈንና የህንድ ፊልም የምጭን እኔ ነበርኩ፤ ከዋጃሌ ድንበር የገባ ስልክ በእጄ ሳያልፍ አይዘፍንም። ኤዶ ሆዳን፣ የግመል ወተት ሻጯ፣ የሰፈሩ ሁሉ አክስት፣ ባሏ ሳይሞት ከአዲጋላ ድምፁን ቀድቶ በሹፌር የላከላትን ጥፍር የምታክል ሜሞሪ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፣ ወተቷ ሲያልቅ ትመጣና «ዋሪያ፣ አሰማኝ» ትለኛለች፤ እኔም እስከ ጥግ እከፍተዋለሁ፣ ወተት ተራው በሙሉ ይሰማል፦ «ሆዳን፣ ነጯን ግመል እንዳትሸጫት፣ እዚህ ዝናቡ ጥሩ ነው...» ይስላል፣ «መጣሁ።»

አልመጣም።

ከዛ ልጇ ተች ስልክ ላከላት። ባለ ቁልፍ መያዝ ነውር የሆነበት ጊዜ ነው። ሜሞሪዋን ከተትኩበት፣ ስልኩ የሆነ ነገር ጠየቀ።

«ምን ይላል? ታነበዋለህ?»

«ኤዶ፣ እኔን ነው? እንግሊዝኛ እኮ በኔ ነው የተጀመረው!»

ነካሁት። ባዶ።

ትጮሃለች ብዬ ጫማዬን ላጠልቅ ስል፣ የወተት ዕቃዋን ገልብጣ ቁጭ አለችበት፣ «በል አንተ በለው» አለችኝ። ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ድምፄን አወፍሬ ሳላጎድል አልኩት። ይኸው እስካሁን፣ ያ ውድ ስልኳ ኪሷ ውስጥ እየጮኸ፣ እኔ ጋ ነው የምትመጣው። ያ ሁሉ ጊጋ ያልያዘውን፣ ስድስተኛ ክፍልን ያልጨረስኩት እኔ ይዤዋለሁ! ሳሉ ላይ ስደርስ ብቻ እጇን ታነሳለች። «እንደሱ አልነበረም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ሳሉ አይመጣልኝም።

ውሸታም ነው የምትሉ፣ ሂዱ፣ ያኔ ወተት ተራ የነበረን ማንንም ጠይቁ። እንዴት ይስል እንደነበር የሚያውቅ ካገኛችሁ ግን፣ ወላሂ፣ በሩጫ አምጡልኝ።