ለሁለት ቤት የተከፈለው ምንሽር

ቁጭ በሉ። ያን ብረት ግድግዳው ላይ አስደግፉት። ቆይ፣ ጥይት እንዳለው አይታችኋል? እዩታ! ሳያይ «የለውም» የሚል ሰው የእኔን ደጅ አይርገጥ። መዝጊያ ግጠምልን ልትሉ እንደመጣችሁ ገብቶኛል፤ ገና ከበር ስትገቡ አውቄያለሁ። መዝጊያው ከአንድ ቦታ ተገዝቷል፣ አካሉ ከሌላ መጥቷል፣ እናንተም ተገፍቶ እስከ ገባ ድረስ የገጠመ ይመስላችኋል። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲያ ነበር የሚመስለኝ። መጀመሪያ ይህቺን ስሙኝና ከዚያ በኋላ የምትሉኝን ትሉኛላችሁ።

ኅዳር ነበር። የግሸን ተጓዥ ከተመለሰ ሰንብቷል፣ ከአምባሰል ግርጌ ያለው ቆላ ማሽላው እሸቱን ጨርሶ ራሱን ደፍቷል። ያኔ ሁለቱም ዓይኖቼ ደህና ነበሩ። ከድር የሚባል ሰው «ከርከሮ ጨረሰኝ፣ ድረስልኝ» ብሎ ላከብኝ። ሐይቅ ከተማ ያለችውን ሱቄን ዘግቼ፣ የመጠገኛ ዕቃዬን በከረጢት ይዤ ወረድኩ።

ከድርና ታላቅ ወንድሙ ይማም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ይማም ዝምተኛ ነው፣ ሲናደድ ከንፈሩን ይነክሳል። ከድር ሌላ ፍጥረት! ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ያስቃል። አባታቸው ሲሞት መሬትና አንድ ምንሽር ትቶላቸው ነበር። በመሬቱ ድንበር ተጣሉ፤ ከድርም አንድ ቀን በንዴት ምንሽሩን አንስቶ ወንድሙ በር ላይ ተኮሰ። ሰው አልተነካም፣ ጥይቱ መቃኑን ነው የበሳው። ይማም ያቺን ቀዳዳ ሳይደፍናት ኖረ። በገባ በወጣ ቁጥር ያያታል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሸሁም ነበሩ፣ ቄሱም ነበሩ፤ እኛ አገር ደም ሊፈስ ሲል ማን ሃይማኖት ይለያል። ዱዓ ተደረገ፣ ወንድማማቾቹም ተሳሳሙ። ስለ ምንሽሩ እንዲህ ተፈረደ፦ መዝጊያው፣ ማለት ያ ወደ ኋላ ስበን ጥይት የምናጎርስበት ብረት፣ ተነቅሎ ይማም ቤት ይቀመጥ፤ አካሉ፣ ከነአፈሙዙ ከነሰደፉ፣ ከድር ቤት ይቀመጥ። አውሬ ሲያስቸግር ሁለቱም የያዙትን ይዘው ይምጡ፣ ገጥሞ የሚተኩሰው ግን ለማንም የማይወግን ሦስተኛ ሰው ይሁን። ሦስተኛው እኔ ሆንኩ። ክርስቲያን ነኝ፣ ከሁለቱም አልዋለድም፣ ብረትም እጠግናለሁ። ፍርዱ በአገሩ ተወራ። እኔም ኮርቼበት ነበር፣ ምን እዋሻችኋለሁ። ለዓመታት ከዚያ ሰፈር የጠብ ወሬ አልተሰማም።

ወደ ከርከሮው ልመለስ። ተራ ከርከሮ አልነበረም። የሆነ ቦታ የሽቦ ወጥመድ በጥሶ ያመለጠ፣ አንድ የኋላ እግሩ የተቆረፈደ ሽማግሌ ነው። ዱካውን ያየ ሰው አይስተውም፤ ሦስቱ ኮቴ ጭቃው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ አራተኛው መሬቱን እየጫረ ያልፋል። ቁስል ያለበት ከርከሮ እንደ ሌሎቹ፣ ሰው ሲያይ ጭራውን ቀጥ አድርጎ አይሮጥም፤ ይቆማል። አንዲት ሴት ውሃ ስትቀዳ አባርሯት እንስራዋን ጥላ ነው ያመለጠችው። የከድር ማሽላ እኩሌታው ተጋድሟል። ለሚስቱና ለልጆቹ የዓመት ቀለብ ያ ማሳ ብቻ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ማሳው ጫፍ ያለው ማማ ስር ተገናኘን። ጤዛው እስከ ጉልበት ያረጥባል። ከድር አካሉን በማዳበሪያ ጠቅልሎ መጣ፣ ይማም መዝጊያውን በነጠላ ቁራጭ። «አብሽር አያ ታደሰ» አለኝ ከድር፣ «ዛሬ ያን ሽማግሌ እናሳርፈዋለን። ሥጋው ለእናንተም ለእኛም አይሆንም እንጂ ሰርግ እደግስበት ነበር።» እኔ ሳቅኩ፣ ይማም አልሳቀም።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙ፣ የመጣችሁበት ጉዳይ ይሄ ነውና። መዝጊያ ከፊቱ በኩል ሁለት ጆሮ አለው። ስትቆልፉት ጆሮዎቹ አካሉ ውስጥ ካለው ማረፊያቸው ይገባሉ፣ የጥይቱን ግፊት የሚችሉትም እነሱ ናቸው። እኔ ሁልጊዜ ጆሮዎቹን በኩራዝ ጥላሸት እቀባና ቆልፌ እከፍታለሁ። ሁለቱም ላይ ጥላሸቱ ከተፋቀ ሁለቱም ይነካሉ ማለት ነው። ያን ቀን ስከፍተው አንደኛው ጆሮ እንደቀባሁት ጥቁር ነው፣ ሌላኛው ጠርዙ ብቻ ተነክቷል። ከዚያ ባዶ ቀለህ አጎረስኩና ከኋላው የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጣል አደረግሁ። ደህና ጠመንጃ በአንዷ ወረቀት ጠበቅ ይላል። ይሄኛው ደጋግሜ ባጥፍለትም ያለ ምንም ግፊት ተቆለፈ። በድሮው ጊዜ እኔ ራሴ ስፈትሸው እንዲህ አልነበረም።

ወደ ብርሃኑ አዙሬ አየሁት። ጆሮዎቹ ላይ የሞረድ ጭረት አለ፣ ገና ያላረጀ። ጣቴን አካሉ ውስጥ ሰድጄ ማረፊያውን ዳሰስኩት፤ እዚያም ተሞርዷል። አንዱ ብቻ ቢሆን እርጅና ነው፣ ዝገት ነው እል ነበር። በሁለቱም በኩል ሲሆን ግን ትርጉሙ አንድ ነው። መዝጊያው ለሌላ አካል እንዲሆን ተስተካክሏል፣ አካሉም ለሌላ መዝጊያ።

«ይማም፣ ይሄን ማን ሞረደው?» አልኩት።

«ማንም። ወላሂ ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም።»

«አንተስ ከድር?»

«ወላሂ አያ ታደሰ፣ ከተሰቀለበት አልወረደም።»

ሁለቱም እኔን ነው የሚያዩት፣ እርስ በርስ አይተያዩም። ያን ሁሉ ዓመት ሰላም ነው ስንል የኖርነው ሁለት ሰው ተደብቆ ሲታጠቅ ነበር? ግን እዚያ ማማ ስር ምን ልበል? «ዛሬ አደን የለም» አልኩ። «ጥይት ሲፈነዳ ወደ ኋላም ይገፋል። ቀለሁ ከኋላው ክፍት ካገኘ ይለጠጥና ወገቡ ላይ ይበጠሳል፣ እሳቱም ወደ ተኳሹ ፊት ይመጣል። በዚህ አይተኮስም።»

«ማሽላዬስ?» አለ ከድር።

«ማሽላህ ይበላ። አንተ ትኖራለህ።»

እንዲህ ነው ያልኩት። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከድር ተቆጥቶ ፊት ፊት ሄደ። እኔ መዝጊያውን ገና አልነቀልኩትም፣ ጥይቶቹም ኪሴ ውስጥ ናቸው። መንገዱ በቦረቦሩ ዳር ያልፋል፣ አዋልዲጌሳ የሚሉት ምስጥ በል አውሬ የቆፈራቸው ጉድጓዶች አሉበት። ከርከሮ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሲያገኝ በኋላው ገብቶ ክራንቻውን ወደ ውጭ አድርጎ ይተኛል። ከአንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ የዚያን የሚጭር እግር ዱካ አየሁና «ከድር፣ ቁም!» አልኩ። ዞር ሲል ጉድጓዱ አቧራ ተፋ።

ከርከሮው ከጉልበቱ በላይ ነው የገባበት። ራሱን ወደ ላይ ሲወረውር ከድር ተነስቶ ወደቀ። ይማም «ወንድሜን!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁት። እኔ ጥይት አጉርሻለሁ። እንዴት እንዳጎረስኩ አላውቅም። የማውቀው በዚያ ብረት እንደማይተኮስ ነው፣ ሌላ ግን ምን አለኝ? ተጠግቼ ምላጩን ሳብኩት። ነጭ እሳት ፊቴን ገረፈኝ፣ ቀኝ ዓይኔ ጠፋ። በግራዬ ሳይ ከርከሮው ወገቡን ተመትቶ በፊት እግሮቹ ይጎተታል፣ የሚጎተተው ግን ወደ ከድር ነው። አቀባበልኩ፤ የወጣው የቀለሁ ቂጥ ብቻ ነው፣ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል። ሁለተኛውን ጥይት ገፋሁ፣ አልገባም። ደገምኩ፣ አልገባም። በእጄ ያለው ነገር ዱላ ሆነ።

የጨረሰው ይማም ነው። ገጀራውን ይዞ ከርከሮው ላይ ወደቀበት፤ ሲመታ፣ ሲመታ፣ ከሞተም በኋላ ሲመታ «በቃ፣ ይማም፣ በቃ» እያልኩ ነው በክንዱ የያዝኩት።

የከድር ታፋ ከውስጥ በኩል ተከፍቷል። ደሙ እንደ ምንጭ ይገፋል። በይማም ሽርጥ አጥብቄ አሰርኩ፣ በጡጫዬም ተጫንኩ፣ ከጣቶቼ መሃል ግን ይወጣል። ጩኸት የሰሙ ሰዎች ከማዶ «መጣን፣ ቃሬዛ ይዘን መጣን» ይላሉ። ቦረቦሩን ዞረው እስኪመጡ እኛ ሦስታችን ብቻ ነን። ይማም የወንድሙን ራስ ጭኑ ላይ አድርጓል።

«አያ» አለው ከድር። በዚያ በር ላይ ከተኮሰ ወዲህ ይማምን በስሙ እንጂ አያ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «አያ፣ ቤት ደህና መዝጊያ አለኝ። አካሉን ለእሱ ነው ያስሞረድኩት። አንተን ፈርቼ ነው።»

ይማም ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ «እኔም አካል አለኝ» አለ። «ሙሉ ነው። ጎተራው ስር ነው ያለው።»

«ይተኩሳል?»

«ይተኩሳል።»

«ታዲያ ምነው ሳታመጣው?» አለ ከድር።

«አንተስ?»

ከድር ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተ። እሱ እኮ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሳይስቅ አያልፍም። ሳቁ አልወጣም። ቃሬዛው ደርሶ አንስተነው፣ ወደ ሐይቅ የሚወስደው አስፋልት ገና ከሩቅ ሳይታየን ሞተ። ሁለት ደህና ጠመንጃ ሁለት ቤት ውስጥ ተኝቶ ነው ያ ሰው የሞተው።

ሰደቃው ሲያልቅ ሽማግሎቹ እንደገና ተቀመጡ። የከድር የበኩር ልጅ፣ የጎረመሰው፣ «አባቴን የገደለው የአጎቴ መዝጊያ ነው» እያለ ማውራት ጀምሯል። ሽማግሎቹም ነገር ከመክረሩ በፊት ብለው ያንኑ ፈረዱ፦ መዝጊያው ይማም ቤት፣ አካሉ ልጁ ቤት። ሁለቱም ማሉ። ሌላ ብረት ቤታችን የለም ብለው ማሉ። እኔ ዓይኔን ታስሬ ጥግ ተቀምጫለሁ። ይማም ቀና ብሎ አየኝ፣ እየለመነኝ ነው ያየኝ። ብናገር በዚያው ቀን ይተላለቃሉ፤ ዝም ብል ቆይተው። ዝም አልኩ። ሽማግሎቹ መረቁ፣ እኛም አሚን አልን።

ትንሽ ቆይቶ ልጁ አካሉን ይዞ እዚህ መጣ፤ አሁን እናንተ እንደተቀመጣችሁት ተቀመጠ። «አያ ታደሰ፣ ውስጡ የቀረውን ቀለህ አውጣልኝ» አለኝ። የሚያቅት ሥራ አይደለም፣ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። አላወጣም አልኩት። አባቱ ምን ብሎ እንደሞተ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ፊቱን ሳይ ተውኩት። አላምን ይላል፣ ቢያምንም የሚሰማው አጎቱ ጎተራ ስር ያለውን ብቻ ነው። ጠቅልሎ ወጣ። ሌላ ጠጋኝ መቼ ይጠፋል።

ባለፈው ሰሞን ከዚያ ሰፈር የጥይት ድምፅ ተሰማ። ሮጠን ወረድን። ልጁ ነው፣ ዛፍ ላይ ኢላማ እየሞከረ። ጥይቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ነው የገቡት፣ አባቱ የደበቀው መዝጊያ በደንብ ገጥሟል። ስመለስ በይማም ቤት በኩል አለፍኩ። በልጁ ቤት ፊት ለፊት የነበረውን በር፣ ያን ቀዳዳ ያለበትን፣ በድንጋይና በጭቃ ደፍኖታል። በጓሮ በገደሉ በኩል ሌላ በር ከፍቷል። ከብቶቹ መንገዱን ገና ስላልለመዱት በድሮው በር ፊት ቆመው ነበር።

በሉ ይዛችሁት ሂዱ። እኔ አልገጥምም።