መጠበቅ እችላለሁ

ያሰሩኝ ስለተናገርኩ ነው። የኮሮና እገዳ በተጣለ ሰሞን፣ ረመዳን ላይ፣ ፖሊሶች የእኛን የመጤዎቹን ሱቅ ለይተው ሲያሽጉ፣ ደቡብ አፍሪካ ቮስሎሩስ የሚባል ሰፈር ላይ ነጋዴዎች ፊት ቆሜ «ለምን?» አልኩ። በዚያው ቀን ጆሃንስበርግ ወደሚገኝ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። ክፍሉ በረኪናና ሽንት ይሸታል። ከሁለቱ ፍራሾች በአንደኛው ላይ አንድ ፊሊፒናዊ ተቀምጧል።

የሴቡ ደሴት መርከበኛ ነው። በረራው ተሰርዞ ቪዛው ስላለፈበት ነው የያዙት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ቋንቋው ያጫውተኛል። «ማካ» ከግስ ፊት ስትገባ መቻልን ታመጣለች አለኝ፤ «ኡሊ» ወደ ቤት መመለስ ነው፣ «ማካኡሊ» ደግሞ መመለስ መቻል። መርከብ ላይ አንድ የማዳጋስካር ሰው ለዚያው ነገር «ማሃ» ሲል ሰምቶ ተገርሞ ነበር። የጥንት አያቶቻቸው በታንኳ ሲበተኑ ይዘዋት ሄደው ነው አለኝ። እኔ ንዴቴ አልበረደም። በር ተቆልፎብን ስለ መቻል ማውራት ምን ይረባል አልኩት። አልተቀየመኝም።

ምግብ የሚመጣው ቀትር ላይ ነው፤ የተረፈውን ጠባቂው ወዲያው ይሰበስባል። መርከበኛው ግን ዳቦዬን ብርድ ልብሱ ስር ይደብቅልኛል፤ የራሱንም አብሮ ያቆያል። ጀምበር መጥለቋን ከግድግዳው ብርሃን አይቶ ይነግረኛል፤ አብረን እናፈጥራለን።

በሦስተኛው ቀን ጠባቂው ዳቦዎቹን አገኘ። የምግብ አድማ መስሎት አለቃውን ጠራ።

«ማይ ፍሬንድ» አለኝ አለቃው። መጤ ባለሱቅ ሁሉ እዚህ ስሙ ይኸው ነው። «አሁን ፊቴ ብሉና ሁለታችሁም ዛሬ ውጡ።»

ጾም መሆኑን ነገርኩት።

«እዚህ ሰዓቱን የምወስነው እኔ ነኝ።»

ደሜ ፈላ። ሮዘተንቪል ባለው ቤታችን ባለቤቴ የመውለጃ ቀኗ ደርሷል፤ ከእሷ የሚለየኝ አንድ ጉርሻ ነው። ግን ሱቄን አሽገው፣ አፌን ዘግተው፣ አሁን ደግሞ ሊከፍቱት ፈለጉ። እጄን ወደ ዳቦው አልዘረጋሁም።

መርከበኛው ዳቦውን በቀስታ ወደ አለቃው ገፋ።

«ማካሁላት ኮ» አለ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ተረጎመለት፤ «መጠበቅ እችላለሁ።»

ስድስት ቀን ጨመሩብን። ከዚያ እኔን ያለ ክስ ለቀቁኝ። ልጄ በሌለሁበት ተወለደች። ይቅርታ ያለኝ የለም፤ ንዴቴም አለ፣ እንዲወጣልኝም አልፈልግም። መርከበኛው አገሩ ይግባ አይግባ አላውቅም። «ማካኡሊ» እያልኩ እመኝለታለሁ።

ሱቄን መልሼ ከፍቻለሁ። በረመዳን ጀምበር ልትጠልቅ ስትል በሩን እቆልፋለሁ። ደንበኛ ቢያንኳኳ፣ ፖሊስም ቢሆን፣ እስካፈጥር ይጠብቃል። እዚህ ሰዓቱን የምወስነው እኔ ነኝ።