ለአንድ አሻራ ሁለት ስም

በለጡ ሪያድ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረችው በለጡ ሆና አይደለም። የሄደች ጊዜ ወደ ዓረብ አገር የሥራ ጉዞው መንገድ በአዋጅ ተዘግቶ ነበር። መዝጋቱ የሚሄደውን አላስቀረም፤ ለደላላ ገበያ አደራለት እንጂ። ደላላው ፈይሰል «በክርስቲያን ስም ቪዛ ቶሎ አይወጣም» አላትና በሳምንቱ በፓስፖርት ናፊያ ተባለች። ጎረቤቷ አሚና ሻሽ አስተሳሰሩን አሳየቻት፤ የቁርአኑን መክፈቻ ፋቲሐንም አስጠናቻት። «ወላሂ፣ ከኔ ይልቅ አንቺ ላይ ያምራል» ትላት ነበር። ክርስቲያንና እስላም በአንድ ግንብ ውስጥ በሚኖሩባት ጀጎል እንዲህ ያለ ሁለተኛ ስም ማንንም አይደንቅም።

የወዲያኛው አገር ቤቱ አቧራ ሲይዝ ሠራተኞቹን ይጠራቸዋል፤ የራሱ ሥራ አጥ ሲያጉረመርምበት ጠራርጎ ያስወጣቸዋል። የኛው ደግሞ ዶላር ሲያጥረው ይከፍታል፣ ሬሳ ሲመጣና ወሬው ሲበዛ ይዘጋል። በለጡም ፓስፖርቷን የቆለፈባትን አሠሪ ጥላ ስለ ወጣች ሕገ ወጥ ተብላ፣ አሻራዋን ሰጥታ ተባረረች።

አሁን መንገዱ ተከፈተ። ውል አለ፣ የዕረፍት ቀን አለ፣ ፓስፖርትም በሠራተኛዋ እጅ ይቆያል ተባለ። «ልጄ ባርኮት ኮሌጅ እስክትጨርስ፣ ሦስት ዓመት ብቻ። ያውም እንደ ሰው!» ብላ ባጃጅ ይዛ ከግንቡ ውጭ ወዳለው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ቢሮ ሄደች።

«እህቴ፣ መታወቂያሽ በለጡ ይላል፤ የሥራ ልምዱ ግን የናፊያ ነው» አላት ጸሐፊው ዮሐንስ። «እሷን አምጫት።»

«እሷማ እኔው ነኝ።»

«እንግዲያው የተባረርሽውም አንቺ ነሽ፤ መሄድ አትችዪም።»

«እሺ በቃ፣ በለጡ ነኝ። ልምድ የለኝም።»

«ጥሩ፣ ሥልጠና ግቢ።»

ገባች። ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑን በሥዕል ብቻ የሚያውቅ አሠልጣኝ ወር ሙሉ አስተማራት። በልጇ እኩዮች መካከል ተቀምጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ፈተናውን አለፈች። ለቪዛው አሻራ በሰጠች በሳምንቱ ግን ዮሐንስ የመጣውን መልስ አነበበላት፦ ናፊያ፣ የተባረረች።

«ጣቴን ምን ላድርገው? ቆርጬ ልጣለው?» ብላ ጮኸችበት።

ዮሐንስ አንገቱን ደፋ። «ሕጉ እኮ ለእናንተው መብት ተብሎ የወጣ ነው።»

«ለየትኛዋ?»

በሩን በላዩ ላይ ወርውራበት ወጣች። ገና ባጃጅ ሳታገኝ ፈይሰል ደወለ፤ በቦሳሶ ወደብ በኩል፣ ባሕሩን በጀልባ የሚሻገሩ ሰዎች እያሰባሰበ ነው።

«በየትኛው ስም ነው የምሄደው?» አለችው።

ፈይሰል ሳቀ። «በዚያ መንገድ ስም የሚጠይቅ የለም። ጉልበት አለሽ?»

ሁለት ወር ያህል የጠየቃት ሁሉ ማነሽ ሲላት ከርሞ፣ ያልተጨቃጨቀችበት ጥያቄ ይኼ ብቻ ነበር።

«አለኝ» አለችው።