ዜሮ ብዬ የጻፍኩት እንሰት

ሰው «ባለሙያው» ብሎ ሲጠራኝ አሁን አሁን ያሳፍረኛል። ጪጩ አካባቢ የቀበሌ ግብርና ባለሙያ ነኝ፤ የእትዬ ካሳነሽን ጓሮ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ።

እትዬ ካሳነሽ ባላቸው ከሞተ ወዲህ አራት ልጅ ያሳደጉት በቡና ይመስላችኋል? ቡናውማ አንድ ዓመት ይይዛል፣ አንድ ዓመት ይከዳል። ያሳደጉት በእንሰት ነው። ከችግኙ እስከ ስድስት ዓመቱ ድረስ ጓሯቸውን ሞልቶት ነበር፤ በደህና ዘመን አይነኩትም፣ ክፉ ዓመት ሲመጣ የደረሰውን ፍቀው ቆጮ ያደርጉታል። የላማቸው የበጋ መኖም ቅጠሉ ነበር።

ካቻምና ሳምሶን የሚባል ተመራማሪ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ መጣ። ሰብሉንና ከብቱን አንድ ላይ አስልቶ፣ የቱ መሬት ለምን ቢውል እንደሚያዋጣ የሚናገር የሒሳብ ሞዴል አለው። ክፉ ልጅ አይደለም። ጌዴኦኛ ስለማይችል መጠይቁን እያስተረጎምኩ የሞላሁት እኔ ነኝ።

«ዘንድሮ ከእንሰት ስንት ምርት አገኙ?»

«ምንም» አሉ፣ ኮራ ብለው። ዓመቱ ደህና ስለነበር አንዱንም ሳልነካ አቆየሁት ማለታቸው ነው። እኛ ዘንድ እንሰቱን ያልነካ ቤት ይከበራል፤ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነገር ነው! ቅጹ ግን የሚፈልገው ቁጥር ነው። ፀሐዩ አናቴን በልቶኛል፣ ቶሎ ጨርሼ መሄድ ፈልጌያለሁ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

ሞዴሉ ምን ያድርግ? ዜሮ የሚሰጥ ተክል መሬት ይዟል፤ ይነቀልና የዝሆን ሣር ይተከል፣ ሁለት የተዳቀሉ ላሞችም ይጨመሩ አለ። እትዬ ካሳነሽ አንገራገሩ።

«ልጄ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

«ኮምፒውተር አይሳሳትም» አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው!

የደረሰው እንሰት ተፋቀ፣ ለጋው ለከብት ተጣለ። በጋው ሲከር ሣሩ ደረቀ፤ የሚቆረጥ ቅጠልም የለም። አንዷ አዲስ ላም ሞተች፣ የቀሩት ሳይሞቱ ተሸጡ። ከርሞ ቆጮውም አለቀ። ሳምሶን ጋ ደወልኩ። «መረጃው እኮ ዜሮ ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ነው።

ባለፈው ሳምንት ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ከጎረቤት የለመኑትን ችግኝ ጎንበስ ብለው ይተክላሉ። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ስድስት ዓመት ሊጠብቁት! አፌን ሳልከፍት እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ቤት አስገቡኝና የተቀቀለ ስኳር ድንች አቀረቡልኝ። ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉ፤ «እቤቴ መጥተህ ቆጮ ሳላቀምስህ።»