የሻምበሉ መኪና እና የእናቴ ጥላሸት

አባቴ አብዱረሂም፣ አላህ ይማረውና፣ ጥሩ ሰው ነበር። ግን ብረት ሁሉ ድስት ይመስለዋል። በዚህ የተነሳ ነፍሱ ልትጠፋ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። የደሴው መንገድ ሬንጅ እየፈሰሰበት ነበር። ሸዋ ሮቢት የሰፈረው ጦር አዛዥ፣ አንድ ጣሊያን ሻምበል፣ አባቴን መኪና አጣቢ አድርጎ ያዘው። ማሽላ አራሹን ሰውዬ! አንድ ቀን ጥቁሯ መኪና ሬንጅ በሬንጅ ሆና መጣች። አባዬ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የወንዝ አሸዋ ከአመድ ደባልቆ እንደ ድስት ፈተጋት! ሬንጁ አልለቀቀም፤ ቀለሙ ግን ተላጠ። ኮፈኑ ድመት የቧጠጠው መሰለ።

ሻምበሉ «ይሄ የሽፍቶች ሰው ነው፤ ሆን ብሎ ነው» አለና አሰረው። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ እስረኞችን ወደ ደሴ የሚወስድ ካሚዮን ነበር። በዚያ ካሚዮን ከሄዱት አንድም የተመለሰ የለም።

እናቴ ሐምዲያ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይህን ሰማች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ጦር ሰፈሩ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ ጌታቸው፣ መኪናዋን እኔ አሳምራታለሁ በሏቸው» አለችው አስተርጓሚውን።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብረሽው መጫን አማረሽ?»

«ካላማረች ጫኑኝ!»

ጌታቸው ገብቶ ወጣ። «እስከ ስድስት ሰዓት» አላት።

እናቴ ውሃ ልትቀዳ አልሮጠችም። መጀመሪያ ጭረቱን በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ ጣሊያኖቹ መኪና የሚወለውሉበትን ቅባት ለመነች። አልቋል ብለው ባዶ ጣሳ ወረወሩላት። አነሳችና አሸተተችው። ሰም ሰም ሸተታት።

ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬ ወሬውን ሰምተው ሎሚ ይዘው ደረሱ። «ሎሚ የማያስለቅቀው እድፍ የለም፣ ሐምዲያ።»

«እትዬ፣ ሎሚ ብረት ይበላል። የተረፈችውን ቀለም ልጨርሳት? ይልቅ ሰም ካለዎት ይስጡኝ።»

እትዬ ሸዋዬ ሎሚውን መሬት አስቀመጡ። ያላቸው ሰም ለሟች ልጃቸው ለግርማ ተዝካር ያዘጋጁት ጧፍ ነው። «ግርማዬ አይቀየመኝም» አሉና ሄደው አመጡት።

አቧራውን በእንዶድ አረፋ አጠበችው። ሬንጁን ቅቤ ቀባችው፤ የቁልቋል ወተት እጅ ላይ ሲጣበቅ በቅቤ እንደሚለቅ የማያውቅ ቆለኛ አለ እንዴ? አባዬ ራሱ ያውቃል! ሬንጁ ለቀቀ፤ ጭረቱ ቀረ። ሰሙን በሰሊጥ ዘይት አቀለጠች፤ ከድስት ቂጥ የፋቀችውን ጥላሸት ለወሰችበትና ጭረቱን ሞላች። ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ብረቱ ጋለና ቅባቱ መልሶ ፈሰሰ። ያ አላህ! አምስት ሰዓት አልፏል፤ እስረኞቹ መጫን ጀምረዋል። መኪናዋን ወደ ጥላ ግፉልኝ ብላ ወታደሮቹን ለመነች፤ ሳቁባት። ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች፤ ውሃ ውስጥ ነክራ ብረቱ ላይ አለበሰችው፤ በረድ ሲል እንደ አዲስ ቀብታ ወለወለችው። እናቴ፣ በባዶ ራሷ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት! ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

ሻምበሉ ወጣ። ነጭ መሐረብ አውጥቶ ኮፈኑን ጠረገ። ጥላሸቱ መሐረቡ ላይ ከታየ አባቴም እሷም አለቀላቸው። ሻምበሉ መሐረቡን አየው፤ ገልብጦ አየው። ነጭ ነው። ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን ቀባሻት? ይሉሻል» አለ ጌታቸው።

እናቴ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ሚስጥሩን ከነገረቻቸው ማንም ወታደር ይሠራዋል፤ አባቴ ምን ያደርግላቸዋል?

«እኔ ምን አውቄ! መድኃኒቱ የአብዱረሂም ነው፤ እሱ ያሳየኝን ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ይፋቃል፣ ከዚያ ይቀባል። ሳይጨርስ ያዛችሁት! ልኩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ደሴ ከሄደ መኪናዋ በሳምንቷ ትደበዝዛለች።»

አባቴን ከካሚዮኑ ላይ አወረዱት። እስከ ቤት ድረስ ምን ከምን ጋር እንደሚለወስ በጆሮው እየነገረችው ሄዱ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንኳ የካሚዮን ጌቶች ከአጣዬ ድረስ እየመጡ «የአብዱረሂምን እጅ የሚያህል የለም!» ይሉ ነበር። እናቴ ጓዳ ሆና ጥላሸት ትፍቃለች። እኔ እበግናለሁ።

አባዬ ከሞተ በኋላ አንድ ቀን አፈነዳሁት። «እማ፣ ያንቺ ሙያ እንደነበር አሁን እንኳ ለሰው ብትነግሪ ምን አለበት?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ባሌን ከካሚዮኑ ያወረድኩት በዚያ ስም ነው። አሁን ብነጥቀው መልሼ ልጭነው ነው?»

እሷ ሳትናገር ሞተች። እኔ ይኸው ተናገርኩ፤ ይቅር ትበለኝ።